አንተ ካልህ፣ አንቱ ካሉ

ባለፈው የካቲት ለዘመድ ተዝካር መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ቅዳሜ በገበያው መሀል ሳልፍ አንዲት ሴት የዘር ገብስ ከጆንያ እያፈሰሰች ትሰፍራለች። ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ የታሸ ነው። ሽታው ሲደርሰኝ ቆምሁ። የአመድ፣ የጭስ፣ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጎታ ሽታ። ልጄ እጄን ይዛ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልሆንሁም አልኋት። ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ። በአፌ ከምነግራት ብጽፈው ይቀለኛል።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም በላይ፣ በደጋው ላይ ነበር፤ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። አገሩ ከገብስ በቀር ብዙ እህል አይወድም። እህቴ ሙሉ በዚያ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የገጠር ልጆች እንደሚያደርጉት ከጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ዓርብ ትመጣለች፣ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ስንቅ ከሌለ ትምህርት የለም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እናቴ በሶውን ስትቋጥር ዱቄቱን በእጇ ጠርጋ ጠርጋ ስታነሣ አይቼ ነው ያወቅሁት።

ያለፈውን መኸር ውርጭ መትቶታል። ከነበሩን ሁለት ጎታዎች የምንበላበት ሊያልቅ ደርሷል። ሁለተኛው የዘር ነው፤ አፉ በእበት ተመርጎ ተዘግቷል፤ ለመዝራት ካልሆነ አይከፈትም። የበልጉ ገብስ ከያዘ ሙሉ ትማራለች። ካልያዘ ትምህርቷን ትታ ከሰፈራችን ብዙ ልጃገረዶች እንደሄዱት ዓረብ አገር ትሄዳለች። አባቴ ይህን አንድ ጊዜ ሲናገር ሰማሁት። ከዚያ በኋላ በቤታችን አልተነሣም። አለመነሣቱ ነበር የሚያስፈራኝ።

አባቴ አለሙ አንድ በሬ ነበረው። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከአባ ይመር ጋር መቀናጆ ነበሩ፤ እሳቸውም አንድ በሬ አላቸው። የኛ ቡሬ፣ የሳቸው ዳልቻ። አንድ ቀን የኛን መሬት ያርሳሉ፣ አንድ ቀን የሳቸውን። አባ ይመር ከአባቴ በዕድሜ ብዙ ይበልጣሉ። እስላም ናቸው፤ እኛ ክርስቲያን ነን። ፋሲካ በእኛ ቤት፣ ዒድ በሳቸው ቤት ነበር የምንውለው፤ ሥጋው ብቻ ለየብቻ ይታረዳል። ለአባቴ ከወንድሞቹ ይልቅ እሳቸው ይቀርቡት ነበር። ይከባበሩም ነበር። ከመጠን በላይ ይከባበሩ ነበር እላለሁ አሁን።

የእርሻ ሰሞን ሁለቱ በሬዎች እንዲላመዱ በአንድ ጋጣ ያድራሉ፤ አንድ ሰሞን በኛ፣ አንድ ሰሞን በአባ ይመር። የኔ ሥራ ከወንዙ ዳር ሣር አጭጄ ለሁለቱም መውሰድ ነበር። ገለባ አልቋል። ሣሩንም ከሥሩ ነቅዬ ከነአፈሩ ነው የምወስደው። ጋጣ ደግሞ ከቤት የሚለየው በአጠና ግድግዳ ብቻ ነው። ሣር ስሰጥ የቤቱን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ። ልጅ ሲሰማ ማንም ሰማ አይልም።

የካቲት ሲያልቅ ሰማዩ ጠቆረ። ሁለት ቀን ዘነበ፤ መሬቱ ርሶ ማረሻ ገባለት። ያን ጊዜ የግብርና ሠራተኛው መጣ። የደጎሎ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጫማው ጭቃ የለበሰ። ወንዶቹን ከኮሶው ዛፍ ሥር ሰብስቦ ጠጠር ለቀመና በሦስት ከመረው። ይሄ ብዙ ዝናብ ነው፣ ይሄ ደህና ዝናብ ነው፣ ይሄ ጥቂት ዝናብ ነው አላቸው። የጥቂቱ ክምር ከሁሉ ይበልጣል። የዘንድሮው ዝናብ ከዚህ ከትልቁ ክምር የመውጣት ዕድሉ ይበልጣል፤ ይወጣል ግን አላልሁም አለ።

አንዱ ገበሬ «እንግዲህ ይዘንባል ነው አይዘንብም?» አለው።

«እሱን አላውቅም።»

«ይህን ለማለት ነው እስከ ኮሌጅ የሄድኸው?»

ተሣቀበት። እሱም አብሮ ሣቀ፤ ደግ ልጅ ነበር። ሲሄድ ግን ከዘሩ ግማሹን ዝሩ፣ ግማሹን እስኪለይለት አቆዩ ብሎ ነው የሄደ። እኔ ጠጠሮቹ ዝናቡን ራሱን የሚያዙት መስሎኝ ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ከትልቁ ክምር በእፍኜ አንሥቼ ወንዝ ወስጄ ጣልሁ። የድርቁን ክምር ያሳነስሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በማግሥቱ ሣር ይዤ አባ ይመር ጋ ሄድሁ። በሬዎቹ እዚያ ነበሩ። በግድግዳው ማዶ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ምን አሰባችሁ አሏቸው። አባ ይመር ዝናቡን አላምነውም አሉ። ንፋሱ ከቆላ ነው፣ ደመናው ይሮጣል፤ በኔ ቢሆን መጋቢት እስኪጋመስ እጠብቅ ነበር አሉ።

«ታዲያ ንገሩታ።»

«እንዴት ልንገረው? ልጁን ከትምህርት ሊያስቀራት ነው። እኔ ቆይ ብለው ሽማግሌው ለራሱ ልጅ የለው፣ ለኔ አይጨነቅም አይልም? በአፉ አያወጣውም እንጂ በሆዱ ይላል። ወላሂ፣ ይሄን ከሚያስብብኝ ገብሴ መሬት ላይ ይጥፋ።»

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ ከአባቴ ጋር ደጅ ቁመው ነበር። ሰማዩን ያያሉ። አባቴም የሚለው ያንኑ ነው፤ ገና ነው፣ ይሄ ዝናብ የሚያታልል ነው ይላል። እናቴ ተዉ በላቸዋ አለችው።

«እንደምን ብዬ? የአባ ይመር የቀለብ ጎታ ከኛም ቀድሞ ባዶ ሆኗል። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ሌላ በልግ አይጠብቁም። እኔ እምቢ ብል እሺ ይሉኛል፤ ተርበውም ዝም ነው የሚሉት።»

«ጠይቃቸው።»

«እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?» አላት።  እኔም የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

ሁለቱም አንድ ነገር እንደሚሉ እኔ ሰምቻለሁ። ግን ትልልቅ ሰዎች አንዱ የሌላውን ልብ ያውቃል ብዬ አምን ነበር። ደግሞ ልጅ ወሬ አያመላልስም ተብዬ ነው ያደግሁ። ቤተ ክርስቲያን ቄሱ የሚያዜመው በግእዝ ነው፣ ቤቱ ገብቶ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ የውጭ ቃልና የቤት ቃል ያላቸው መሰለኝ።

ጠዋት በመሬታችን ጫፍ ተገናኙ። እኔ ሣሩን ይዤ ከኋላ ነበርሁ።

«እንዴት አደሩ፣ አባ ይመር?»

«አልሐምዱሊላህ። እንዴት ነው፣ እንዝራ እንዴ?»

«አንቱ ካሉ።»

«አንተ ካልህ ነው እንጂ።»

«እኔማ አንቱ ካሉ ምን እላለሁ።»

«እንግዲያው በአላህ እጅ ነው።»

«በእግዚአብሔር።»

አለቀ። ግማሹን የሚለውን ማንም አላነሣም። አባቴ ለእናቴ ግማሽ እንዝራ ብላቸው ፈራ ይሉኛል ብሏት እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ። እናቴ የጎታውን አፍ በድንጋይ ፈነቀለችው። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። አባቴ የመጀመሪያውን እፍኝ ይዞ አማተበ፤ አባ ይመር መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሁለቱም መሬት ተዘራ። በቤታችን ባዶ ጎታ ብቻ ቀረ።

ገብሱ በቀለ። ለምለም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጤዛ ይዞ ያበራል። ሙሉ ዓርብ ስትመጣ ከቤት በፊት ማሳ ገብታ ታየዋለች። አንድ ቀን ጫማዋን አውልቃ በመካከሉ ስትሄድ አየኋት። አስካለ፣ ነይ እግርሽን አስነኪው፣ ይቀዘቅዛል አለችኝ። ገባሁ። እውነትም ይቀዘቅዝ ነበር።

ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ። ደመና የሚባል ጠፋ። ቡቃያው ጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው ወደ ታች ወረደ። ቤተ ክርስቲያን ምህላ ያዙ፤ እስላሞቹ ከኮረብታው ላይ ዱዓ ወጡ። አንድ ቀን ሁለቱም በአንድ ሰዓት ሆነ። እኔ ማን ቀድሞ ደመና እንደሚያመጣ ለማየት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ አንገቴን አዞርሁ። ማንም አላመጣም። ፈቃዱ ነው።

ለበሬዎቹ ሣር ጠፋ። የማጭደው ሳጣ የቤታችንን ክዳን ከጫፉ እየመዘዝሁ እሰጣቸው ነበር፤ እናቴ አይታ አልከለከለችኝም። የቡሬ ጎኑ ተቆጠረ። ሙሉ በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ዓርብ መጥታ እሑድ አልተመለሰችም። እናቴ የምታስይዛት አልነበራትም። ሰኞ ጠዋት ሙሉ ደብተሮቿን በጨርቅ ጠቅልላ ከቆጡ ላይ አስቀመጠች።  

በግንቦት አባቴና አባ ይመር ከማሳው ዳር ቁጭ ብለው ደረስሁባቸው። ውሃ ልሰጣቸው ነበር የሄድሁ። አባ ይመር የደረቀ ቡቃያ በመዳፋቸው አሹት፤ ዱቄት ሆነ። ንፋሱ ወሰደው።

«አለሙ» አሉት። «አሁን እንግዲህ ምን ይደበቃል። ሐቁን ልንገርህ። እኔ መዝራቱን አልፈለግሁም ነበር።»

አባቴ አንድ የደረቀ ቡቃያ ከሥሩ ነቀለ። «እኔም» አለ።

አባ ይመር ዞረው አዩት። «አንተማ አንቱ ካሉ አልህ።»

«አንተ ካልህ ነው ያሉኝ።»

ሳቁ። እንዲያ ያለ ሣቅ ሰምቼ አላውቅም። አባ ይመር ሣቁን ሲጨርሱ ሻሻቸውን አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ውሃውን መሬት አስቀምጬ ሮጥሁ። እኔ ይህን ቀድሞ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር። እንዳላወቁ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ሲገባኝም ፈራሁ። እነሱ ካላወቁ ማን ያውቃል?

ሰኔ ሲገባ አንዲት ሴት ከኩታበር መጣች። ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የምትልክ ናት። ወርቅ ጥርስ አላት፤ ቃሏ ለስላሳ ነው። ሙሉን አስቁማ አየቻት፤ እጇን ገልብጣ አየች። በሳምንቱ ቁርጡን ንገሩኝ ብላ ሄደች።

ሙሉ እሄዳለሁ አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እናቴ ነጠላዋን አጠበችላት። አባቴ በራሷ ፍላጎት ከሆነ ምን እላለሁ አለ። ሙሉ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ ግን ድምፅ ሳታወጣ ታለቅስ ነበር፤ ስታየኝ ሳሙናው ዓይኔ ገባ አለችኝ። ሳሙና አልያዝንም፤ በእንዶድ ነበር የምናጥበው።

ሴትዮዋ በምትመለስበት ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ አባ ይመር መጡ። እንደ ልማዳቸው ቤቶች ብለው ከበሩ ቆሙ። አባቴ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው። ተቀመጡና ስለ ልጅቷ ጉዳይ ነው የመጣሁት አሉ። አባቴ አንቱ ያሉት ይሁን ብሎ ሊጀምር ሲል እጃቸውን አነሡ።

«ተው፣ አለሙ። እኔና አንተ እንደ ሙሽራና ሙሽሪት አንቱ ይቅደሙ፣ አንተ ቅደም ስንባባል ገደል ገባን። ዛሬ እንዲያ አይሆንም። ዛሬ ከታናሽ ይጀመር። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሁሉ ቃል የሱ ጥላ ይሆናል። እኔ መጨረሻ ነኝ።» ወደኔ ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ አስካለ። አንቺ ምን ትያለሽ? ማንንም አትፍሪ። ሐቁን ብቻ።»

በትልልቅ ሰዎች ፊት ተናግሬ አላውቅም።  እናቴን አየሁ፤ መሬት ታያለች። «ሙሉ አትሂድ» አልሁ። «ወንዝ ዳር ታለቅሳለች።»

ሙሉ ፊቷ ተለወጠ። አባ ይመር አሁን ያንቺ ተራ ነው አሏት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ከዚያ «አልፈልግም» አለች። «እናንተ የምትፈልጉ መስሎኝ ነው።»

እናቴ ተራዋን አልጠበቀችም። ዘለላ ዘለላ እንባዋ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ነጠላ ሳጥብልሽ እጄ ይቆረጥ ስል ነበር አለች።

አባቴ ሲደርሰው ያልጠበቅነውን ተናገረ። ቡሬን እሸጣለሁ፣ ገንዘቡ ለናንተ ቀለብ ይሆናል፣ እኔ ሰሊጥ ለማረም መተማ እወርዳለሁ አለ። እናቴ ቆላው ይገድላል አለች። የሰፈራችን ሁለት ሰዎች ወደዚያ ወርደው አልተመለሱም።

«ይገድል ይሆናል» አላት። «ላይገድልም ይችላል። ዓረብ አገርም እንዲያው ነው፤ ደህና ልትደርስ ትችላለች፣ ሬሳዋም ሊመጣ ይችላል። አላውቅም። የማውቀው ክፉው መምጣት ካለበት በኔ ቢመጣ እንደምመርጥ ነው። እኔ ደጋውንም ቆላውንም አይቻለሁ። እሷ ምን አየች?»

እናቴ ሁለተኛ አልተከራከረችም። ሁላችንም አባ ይመርን አየን። የሳቸው ዳልቻ ያለ ቡሬ ብቻውን ይቀራል። እሳቸው ምርቱን ለሁለት ሊካፈሉ መሬታቸውን ለሰው የእኩል ሰጥተው ካልሆነ አያሳርሱም።

«የኔ በሬ ጥንዱን ያጣል» አሉ። «ይህ ይጎዳኛል። ቀድሜም አውቄ ነው የመጣሁ። ይሸጥ።»

ያን ቀን ሁሉም የልቡን ነው የተናገረ። ራበን፣ ግን ቤቱ ውስጥ የሚያፍን ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። ቡሬ ተሸጠ። አባቴ በሐምሌ ከሌሎች ሰዎች ጋር ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። እናቴ የአንገቷን መስቀል አውልቃ አሠረችለት። ሙሉ በመስከረም ያቋረጠችውን ክፍል ደግማ ልትማር ተመለሰች።

አባቴ በኅዳር መጣ። ከመኪና ያወረዱት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ያመጣውን ገንዘብ ለእናቴ ሰጥቶ ተኛ። ወባ ነው፣ ጉበቱን ይዞታል አሉ። ከተማ ወስደውት መድኃኒት ጀመረ፤ ለጥቂት ቀን ተሻለው። ፀሐይ ሲወጣ እናቴና እኔ ደግፈን ከቤቱ ግድግዳ ሥር እናስቀምጠዋለን። በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ፀሐዩ ለኔ ያቃጥል ነበር፤ ለሱ አልሞቀውም።

አባ ይመር በየቀኑ ይመጡ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብለው ሰው አርሶ የዘራላቸውን መሬት፣ የገበያውን ወሬ ይነግሩታል። አብሽር፣ አይዞህ ይሉታል። አንድ ቀን ግን ወሬው አለቀባቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ባልመጣ ኖሮ፣ ያን ቀን ባልጠይቅ ኖሮ አሉ። እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር።

አባቴ ለመናገር ትንፋሹን ሰበሰበ።

«አባ ይመር፣ አይበሉ። የገብሱ ነው ስሕተት። ያን የዘራነው ማንም ሳይፈልገው ነው፤ ቢይዝም ስሕተት ነበር። ይሄ ስሕተት አይደለም። ተጠያይቀን ነው፣ አውቀን ነው። ክፉው ወጣ እንጂ። ነገ ድኜ ብነሣና እንደገና ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምል።»

 አባ ይመር እጁን ይዘው ቁጭ አሉ፤ ጥላ እስኪደርስባቸው። ያን ጊዜ አልገባኝም። ሁለቱም ነገር ክፉ ሆኖ ሳለ አንዱን ስሕተት፣ አንዱን ስሕተት አይደለም ማለቱ የበሽታው መቃዠት መሰለኝ።

ከገና በፊት አረፈ። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ወጣ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቆፈረ። አባ ይመር ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ድረስ ቃሬዛውን ተሸክመው፣ ከዚያ ለካህናቱ አስረክበው ከውጭ ቆሙ።

ለቅሶ ላይ ሴቶች ብዙ ይናገራሉ። በሦስተኛው ቀን ከእናቴ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት የሩቅ ዘመዳችን፣ ሙሉ እየሰማች፣ ልጅቱ ሄዳ ቢሆን ዛሬ ሰውየው በሕይወት አለ አለች። ከማዶ ሰፈር የሄደችውን ጠቀሰች፤ ለናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። ሌላዋ ሴት ደግሞ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ያልተሰማውን ጠቀሰች። ተከራከሩ። ሙሉ ከጥጉ ሆና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

እናቴ ከተደፋችበት ቀና አለች።

«ተዉት» አለች። «አለሙ ሊሞት እንደሚችል አውቆ ነው የሄደ። ያላወቀው የትኛው እንደሚመጣ ነው፤ ያን ከእግዚአብሔር በቀር ማን ያውቀዋል? ከሱ ይልቅ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

 እናቴ ወደ ጥጉ ዞራ ሙሉን ጠራቻት። ስትመጣላት ነጠላውን ከፊቷ ገለጠችላት።

«ሰኞ ትምህርትሽ ትገቢያለሽ?» አለቻት። ግቢ አላለቻትም። ጠየቀቻት።

ሙሉ እንባዋን ጠረገች። እናቴም ጠበቀቻት፤ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እየጠበቀ።

«እገባለሁ» አለች።